በሁለት ጣት ያጠረ በር

ጋሪው የድንጋዩን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ከተማው መግቢያ ሲታጠፍ፣ እቴቴ የነጂውን ትከሻ በጃንጥላዋ እጀታ መታ መታ አደረገችው።

«ቀስ በል እንጂ! በሮቹን ልይበት።»

«በሮቹን?» ነጂው ልጓሙን ሳብ አድርጎ ዞሮ አያት። ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። «እቴቴ፣ ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ ገበያ ያያል፣ ሰው ያያል። በር በር የሚያይ ወይ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው ወይ ሌባ።»

«እኔ ሦስተኛው ዓይነት ነኝ። ንዳ፤ ግን ቀስ ብለህ።»

እቴቴ የሚላት እንዲህ ያገኛት ሁሉ ነው። በእርግጥ ስሙን ያወጡላት ወንድሞቿ ናቸው፤ አገሩ ግን ተቀብሎ አጸደቀው። የአናጢ ቤት የበኩር ልጅ ነች። እናቷ የመጨረሻውን ልጅ ወልዳ በአራስ ቤት ስትሞት ጨቅላውን አንስታ ታቀፈችው፤ ከዚያ ወዲያ ጡት ከማጥባት በቀር ያልሆነችለት ነገር የለም። ስሙን ማን ይጠራዋል፣ ትንሹ ነበር የምትለው። ጢም አብቅሎም ትንሹ ነበር፣ ከአባቱ ቁመት በልጦም ትንሹ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ከየባለሙያው ቤት አንድ አንድ ሰው ይዋጣ ተባለና ድልድይ ሠሪ ጦር ውስጥ አስገቡት። ኮዳውን በወገቡ፣ መጋዙን በትከሻው አድርጎ ሄደ።

ጦርነቱ አለቀ፤ ትንሹ አልመጣም። ጦር ሠፈሩ ስትመላለስ አንድ መቶ አለቃ «የደረሰበት አልታወቀም» አላት፤ በዓመቱም ያንኑ ደገመላት። አባቷ ይህን ሲሰሙ መዶሻቸውን አስቀመጡና በቤቱ ላይ ሕግ አወጡ። «ሬሳውን ሳላይ፣ ወይ ዓይኑን የከደነለትን ሰው ሳላናግር፣ በዚህ ቤት እንባ እንዳይፈስ። ልጄን በቁሙ አታልቅሱበት!» አሉ። ይኸው ስምንት ዓመት። እቴቴ ሆድ ይፍጀው ብላ እንባዋን እንደ ምራቅ ስትውጥ ኖረች። ሌሎች ቤቶች የሞተባቸውን አልቅሰው፣ እርማቸውን አውጥተው፣ ልጅ ድረው ስቀዋል፤ የእነሱ ቤት ግን ማልቀስም መሳቅም አቅቶት እንደ ታፈነ ጭስ ተቀመጠ። ከቤት ስትወጣ ለራሷ የማለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይ አቅፌው እመለሳለሁ፣ ወይ ሞቱን ሰምቼ አልቅሼለት እመለሳለሁ፤ ከሁለት አንዱን ሳላገኝ ግን እግሬን አላነሣም።

ታዲያ በር ማየቱ ምን አመጣው? ነገሩ እንዲህ ነው።

የእቴቴ ቅድመ አያት ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ያሰረለት ሰው አጣሞ ጠገነው፤ ክንዱም አጥሮ ቀረ። አድጎ አናጢ ሲሆን የሚለካው በዚያችው ክንድ ነበር። ግንበኛው የበሩን ቦታ በደህና ሰው ክንድ ለክቶ ይተዋል፤ እሱ ሳንቃውን በራሱ ክንድ ለክቶ ይቆርጣል፤ በሩ ሲሰቀል ከሥሩ በሁለት ጣት ያጥራል። በጎን በኩል እንኳ መቃኑን አወፍሮ ይሸፍነዋል፤ ለሥሩ ግን መላ የለውም። ሰው ሲስቅበት ምን አለ? «ክንዴ ልክ ነው። ግንበኛው ነው ያስረዘመው!» ከዚያም ከበሩ ሥር የሁለት ጣት ልጣፊ በእንጨት ችንካር መታበትና ጉዳዩን ዘጋው። ክንዱን በበትር ለክቶ ለልጁ አወረሰ፤ ልጁም ለልጁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዚህ ቤት ሰዎች ወረቀት ባይኖራቸው በትሯን ይዘው ቀሩ። ጉድለቷን ሁሉም ያውቃታል፤ ሊያርማት የደፈረ ግን አልተወለደም። ሌላው የዘር ሐረጉን ሲቆጥር እነሱ የማን ልጅ ናችሁ ሲባሉ «የልጣፊዎቹ» ይላሉ፤ ይበቃል፤ ጠያቂው ራሱ ወደ በሩ ሥር አይቶ ይስቃል።

አሁን በቅርቡ አንድ የጥጥ ነጋዴ የሥራ ቤታቸው ደጃፍ ላይ የጫማውን ጭቃ ሲያራግፍ ልጣፊውን አየና «እንዴ! ይህ በሽታ እዚህም አለ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እቴቴ የያዘችውን ሙጫ ለቀቀችው። የት እንዳየ፣ መቼ እንዳየ፣ ችንካሩ የብረት ይሁን የእንጨት፣ የከተማውን ስም እስኪነግራት ሰውየውን አላስቀምጥ አለችው። መካከለኛው ወንድሟ «ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ተይው» ቢላትም አልሰማችውም። አባቷ ግን ስትወጣ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኟት።

እና አሁን፣ ከባቡር ወርዳ በጋሪ ላይ፣ በር በር ታያለች። ዳቦ ቤቱን አለፉ፤ በሩ ደህና ነው። ከፊቱ ያለው መጋዘንም ደህና ነው። የፈረስ ጫማ መቺውን አለፉ።

«ቁም!» ብላ ጮኸች። ፈረሱ ራሱ ደነገጠ።

የልብስ ሰፊው በር ነበር። ከሥሩ የሁለት ጣት ልጣፊ፣ በእንጨት ችንካር። እቴቴ ጋሪው ሳይቆም ወረደችና ተንበርክካ በእጇ ዳበሰችው። ልብስ ሰፊው መርፌውን በአፉ እንደ ያዘ ብቅ አለ።

«ምነው እመቤት፣ ምን ጠፋዎት?»

«ይህን በር ማን ሠራው?»

«ሃምሳ አለቃው ነዋ። በዚህች ከተማ ከሥሩ የተለጠፈ በር ካዩ የእሱ ነው። ምን ላድርግ ብለው ነው፣ በሩ ያጥራል እንጂ ሰውየው ቃሉ አያጥርም። ከወንዙ ዳር ነው የሚሠራው፣ ሳንቃ የተደገፈበት ቤት።»

ሃምሳ አለቃ! እቴቴ ዘላ ጋሪው ላይ ወጣች። ትንሹ ማዕረግ አግኝቶ ነዋ! ኧረ ይኸ ልጅ! ቆስሎ ይሆናል፤ ፊቱ ተበላሽቶ ማፈሩ ነው። ወይ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዶ ረሳን። ረስቶንስ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ መጀመሪያ በጥፊ ነው የማጮለው፣ ከዚያ በኋላ ነው የማቅፈው። ነጂው አንድ ነገር ሊናገር ዞር ቢል ፊቷን አይቶ ተወው።

የሥራ ቤቱ ወለል ሰፊ ነው፤ በአንዱ ግድግዳ ሳንቃ ተደርድሯል፣ በሌላው መጋዞች ተሰቅለዋል፣ ሚስማር ላይ አንድ ያረጀ የጦር ካፖርት ተንጠልጥሏል። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይልጋል። መላጊያውን ረጅም አድርጎ ይገፋና መጨረሻው ላይ ትንሽ ሰበቅ ያደርገዋል፤ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ይወድቃል። እቴቴ ያቺን ሰበቅታ ታውቃታለች። አባቷ እንዲያ ነው የሚልጉት። ትንሹም እንዲያ ነበር።

«ትንሹ!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

ሰውየው ዞረ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ጎልማሳ ነው። በሕይወቷ አይታው አታውቅም።

የእቴቴ ወሽመጥ ብጥስ አለ። እንዳትወድቅ መሥሪያ ጠረጴዛውን ያዘች። ሰውየው ሮጦ በርጩማ አመጣላት፤ ኮዳውን ከፍቶ ውሃ ሰጣት። ጠጣች። ከዚያ ግን ዝም ብላ የምትቀር ሴት አይደለችም።

«ወንድሜ፣ ይቅርታዎን» አለች፤ «ሌላ ሰው መስለውኝ ነው። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይህን ልጣፊ ማነው ያስተማረዎት?»

ሰውየው መላጊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ። ወደ ደጅ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«እርስዎ…» አለ፤ «እቴቴ ነዎት?»

 እቴቴ ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አለቃ ፊት እንደሚቆም ወታደር፣ እግሩን ገጥሞ፣ አገጩን አንሥቶ። ዓይኑ ግን እንባ ሞላው።

«መጡ ማለት ነው» አለ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ መጡ።»

«የት ነው?» አለች እቴቴ። «ወንድሜ የት ነው?»

«አርፏል፣ እቴቴ። በምርኮኞች ሰፈር። እኔ ነኝ ዓይኑን የከደንኩለት።»

እቴቴ እንባዋን ጠበቀች። አልመጣም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ያለ ሰው ግን ስምንት ዓመት እንባ መዋጥን አያውቀውም። «ንገሩኝ» አለች፤ «ከመጀመሪያው። አንዲትም ነገር አታስቀሩብኝ።»

ሃምሳ አለቃው ሳንቃ ላይ ቁጢጥ አለና ነገራት። የተማረኩት በአንድ ቀን ነው፤ ትንሹ ወደ እሱ ጦር ከተዛወረ ገና ሳምንቱ ነበር። በምርኮኞች ሰፈር ሙያ ያለው ቤት ግንባታ ላይ ይመደባል፤ ሙያ የሌለው ድንጋይ መፍለጫው ይላካል። ከመፍለጫው የተመለሰ የለም።

«እኔ ደግሞ ከማዘዝ በቀር ሙያ የለኝ። ሲመድቡን ወደ መፍለጫው ሰልፍ ገፉኝ። ይሄኔ አንዱ ከኋላ 'እሱ ረዳቴ ነው፤ ያለ እሱ በር አልሠራም!' ብሎ ጮኸ። ዞሬ አየሁት፤ ያ አዲሱ አሥር አለቃ ነው። ስሜን በቅጡ አያውቅም ነበር እኮ።»

«ለምን እንዲያ እንዳደረገ አልጠየቁትም?»

«ኋላ ጠየቅሁት። 'እጅዎ ትልቅ ነው፤ ሳንቃ ለመያዝ ይሆናል' አለኝ።»

እቴቴ ሳታስበው ሳቀች። «እሱ ነው! እሱው ራሱ ነው። ሰው ሲረዳ ያፍራል፤ ሰበብ ሳይፈጥር ደግ መሥራት አይችልም።»

«መጋዝ በየት በኩል እንደሚያዝ የማላውቅ ሰውዬ በጠባቂዎች ፊት አናጢ መሆን ነበረብኝ። ቀን ያሠራኛል፣ በእረፍት ያስተምረኛል። ማዕረግ ደግሞ አክባሪ ነው፤ ሲቆጣ እንኳ 'ክቡር ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታዎን ይስጡኝና አህያ ነዎት' ነበር የሚለኝ። የቤታቸውን በትር ልክ በዓይኑ ያውቀዋልና፣ በዚያው ልክ በትር ቆርጦ ሰጠኝ። 'ይህ የእኛ ቤት ክንድ ነው፣ ሌላ ማንም የለውም' አለኝ። የጠባቂዎቹን ቤት በሮች በሙሉ በዚያ ሠራን። ሁሉም ከሥር ክፍት ነበሩ። ልጣፊውን በእንጨት ችንካር መምታት አስተምሮኝ ነበር፤ እዚህም እንምታ ስለው 'ለጠላት ልጣፊ የለም!' አለ። እቴቴ ይሙቱ እልዎታለሁ፣ ያን ክረምት ከጥይታችን ይልቅ በሮቻችን ፈጇቸው።»

ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ጋሪ ነጂ ሳቁን ለመያዝ ሳለ። ማንም አልተቆጣውም።

«አገሩን ለምን አልነገረዎትም? የአባቱን ስም?»

«በሰፈሩ ወሬ ነበር። አገሩን የተናገረ ቤተሰቡ ይቃጠላል ይባል ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ብቻ ሁላችንም እውነተኛ ስማችንንም አገራችንንም ደብቀን አፋችንን ዘጋን። ከዚያ ተስቦ ገባ። ትኩሳቱ ሲያቃጥለው ጠበቅሁ፤ አሁን ይናገራል፣ አሁን አገሩን ይጠራል ብዬ። የሚጠራው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። 'እቴቴ፣ ውሃ። እቴቴ፣ በረደኝ፣ በሩን ዝጊው።' ይኸው ነው። እኔም ካፖርቴን አለብሰውና 'ዘግቻለሁ፣ ተኛ' እለዋለሁ። እርስዎን መስዬ ማለቴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እንባው ግን አሁንም አልመጣም።

«ስፈታ ስንት ከተማ ዞርኩ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ወንድሟ አናጢ የነበረ እቴቴ የምትባል ሴት ታውቃላችሁ? እያልኩ። አገሩ ሁሉ እቴቴ ነው እኮ! አንዷማ እኔን ፈልገህ ነው የመጣኸው ብላ ልታገባኝ ነበር። በመጨረሻ ደከመኝና እዚህ ተቀመጥኩ፤ ከእሱ በተማርኩት እጄ እንጀራ በላሁ።»

«እና ክንዱ አጭር መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቁም?» አለች እቴቴ። ሐዘኗ ውስጥ ሆና እንኳ የአናጢ ልጅ መሆኗ አልተዋትም። «ሰው ሲስቅብዎት ምን ይመስልዎታል?»

«እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው አንድ ግንበኛ የነገረኝ። ለክቶ አሳየኝ።»

«ታዲያ ለምን አላረሙትም?»

ሃምሳ አለቃው እንደ ማፈር አለ። «እቴቴ፣ ምን ነበረኝ? ስም የለኝ፣ አገር የለኝ። የዚያ ልጅ ቤተሰብ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ያጠረ በር ነው። ባርመው በምን ታገኙኛላችሁ? በየመንገዱ ሰቀልኩት። አንድ ቀን ከዘመዶቹ አንዱ ሲያልፍ ያየዋል፣ ቆሞ ይጠይቃል አልኩ። ሰው ሳቀ፤ ይሳቅ። አንዳንዱ ደንበኛ ሄደ፤ ይሂድ።»

 እቴቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ በኖረችባቸው ዓመታት አንድ የማታውቀው ሰው እዚህ ከወንዝ ዳር ሲጠራት ኖሯል። ከዚያ ብድግ አለችና ካፖርቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ደረቱ ላይ ጣለችለት።

«ተነሣ» አለችው። ከአፏ አንተ ሲወጣ እሷም እሱም አላስተዋሉትም።

«ወዴት?»

«አባባ ዘንድ ነዋ! የጠየቁት አንተን ነው።»

ሃምሳ አለቃው ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እቴቴ፣ እባክዎን። የነገርኩዎትን ሁሉ ይዘው ይሂዱ፣ እኔ ግን… እኔ ተርፌ ልጃቸው ሞቶ እንዴት ፊታቸው እቆማለሁ? ጥይት አልፈራም፤ ይህን ግን እፈራለሁ።»

«እኔስ ብቻዬን ገብቼ እንዴት ሞቷል እላቸዋለሁ? ዓይኑን የከደነለት ሰው የታለ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ወንድሜ አንተን ከሞት ሰልፍ ያወጣህ እዚህ ተቀምጠህ እንድትሸሸግ አይደለም። ልበስ ብዬሃለሁ!»

ለበሰ። ጋሪ ነጂው እስከ ባቡር ጣቢያው አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ሒሳቡን ሲቀበል ብቻ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ።

አባባ የሥራ ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ፊታቸውን እየመታቸው ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው የወታደር ካፖርት ከለበሰ ሰው ጋር ስትመጣ ከሩቅ አይተው ተነሡ። ከቀረቡ በኋላ ግን ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ማንም ምንም ሳይነግራቸው የገባቸው ያኔ ነው። መካከለኛው ልጅ መጋዙን እንደ ያዘ ከውስጥ ወጣ።

ሃምሳ አለቃው እግሩን ገጥሞ ቆመ። ነገራቸው። እቴቴ እንደሰማችው ሁሉን ነገራቸው፤ ሰልፉን፣ ትምህርቱን፣ ተስቦውን፣ የተቀበረበትን ጉብታ። አባባ መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። ሲጨርስ ቀና አሉ።

«ዓይኑን የከደንክለት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ቅረብ።» እጁን ይዘው በሁለት እጃቸው መሐል አስቀመጡት። ሲዳብሱት ቆዩ። «ሙያውን አስተምሮሃል?»

«አስተምሮኛል፣ ጌታዬ።»

«እስከ የት ድረስ?»

«በርና መስኮት አስተምሮኛል። ጣሪያ…» የሃምሳ አለቃው ድምፅ ተቆረጠ። «ጣሪያውን ነገ እንጀምራለን ብሎኝ ነበር። በነገው አልተነሣም።»

  «ልጄን!» አሉ አባባ፤ «ልጄን! ልጄን! ጣሪያውን ሳያስጨርሱት!» ስምንት ዓመት ያገዱት እንባ ከራሳቸው ዓይን ቀድሞ ፈሰሰ። የሃምሳ አለቃውን እጅ ሳይለቁ አለቀሱ፤ እሱም አጠገባቸው ተንበረከከና አለቀሰ።

እቴቴ ግንቡን ተደግፋ ቆማ ነበር። አባቷ በእንባቸው ውስጥ ሆነው አዩዋትና «አልቅሺ ልጄ» አሏት፤ «አሁን አልቅሺለት።» ያኔ ነው እንባዋ የመጣላት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ደረቷን እየመታች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እየሰማት የትንሹን የእውነት ስሙን እየጠራች አለቀሰች።

ለቅሶውን የሰሙ ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ብቅ አሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ። አባባ ፊታቸውን በእጃቸው ጠራርገው ወደ መካከለኛው ልጃቸው ዞሩ።

«ለወንድምህ አልጋ አንጥፍለት» አሉ፤ ሃምሳ አለቃውን እያሳዩት። «ለቅሶው ሲያበቃ ጣሪያ እንጀምራለን።»